የሚሞላው እጅ

በጌዴኦ ምድር፣ ሬኮ በሚባለው አካባቢ፣ ጎሕ ሲቀድ ከእንሰቱ ሰፊ ቅጠል ላይ የሌሊቱ ጤዛ ከሥሩ ወዳለው ቡና ይንጠባጠባል። በዚያ ሰዓት አንድ ጡረታ የወጡ መምህር ከመኝታቸው ይነሡና ፊታቸውን ከመታጠባቸው በፊት በራስጌያቸው ካለችው አነስተኛ ጠረጴዛ ላይ የእጅ ሰዓታቸውን ያነሣሉ። ሰዓቱ ባትሪ የለውም፤ ክንድ በተንቀሳቀሰ ቁጥር ራሱን የሚሞላ ዓይነትም አይደለም። ዕለት ዕለት ካልሞሉት የማይሠራ የድሮ የስዊስ ሥራ ነው። በግራ እጃቸው ይይዙና በቀኝ እጃቸው አውራ ጣትና ሌባ ጣት መሙያውን ቀስ እያሉ ያዞራሉ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት እያሉ ይቆጥራሉ። ሃያ ሰባት ላይ ሲደርሱ መሙያው ጠበቅ ይልባቸዋል። እዚያ ላይ ያቆሙና ሰዓቱን ወደ ጆሮአቸው ያስጠጉታል፤ መሄዱን ካረጋገጡ በኋላ ክንዳቸው ላይ ያስሩታል።

ይህን ተግባር ከ1971 ዓ.ም. ጀምሮ ሲፈጽሙት ኖረዋል። ከእርሳቸው በፊት ደግሞ አባታቸው ይፈጽሙት ነበር። ጎረቤት የሚያውቃቸው በቀጠሮ አክባሪነታቸው ነው፤ የልማዱን ምንጭ ግን የሚያውቁት ከቤተሰቡ ጥቂቶች ናቸው። ከጀርባው አንድ ሌሊት ቆሞ የተገኘ ሰዓት፣ አንድ ገንዳ ሙሉ የተበላሸ ቡናና አንድ ሰው በሰው ፊት የተናገሩት አጭር ቃል አለበት።

ነገሩን ለመረዳት በመጀመሪያ የሰዓቱን አሠራር ማየት ይገባል። አማርኛ ተናጋሪ «ሰዓቱን ሞላሁት» ሲል እንስራ ወይም ጎተራ እንደሚሞላ አድርጎ ነው። መካኒኮች ደግሞ ተጠምጥሞ ኃይል የሚያከማቸውን ብረት ከጣልያንኛ በተወረሰ ቃል «ሞላ» ይሉታል። ሁለቱ ቃላት የዘር ዝምድና የላቸውም፤ ሆኖም በሰዓቱ ሆድ ውስጥ ተገናኝተዋል። ሰው ይሞላል፤ የሚሞላውም ሞላ ነው። ስስና ረጅም የሆነው ይህ ብረት በአንዲት ትንሽ ክብ ማኅደር ውስጥ ተጠቅልሎ ይቀመጣል። መሙያው በዞረ ቁጥር ይጠብቃል፤ ለመፈታት በሚያደርገው ግፊትም ጥርስ ያላቸውን መንኮራኩሮች ይገፋል። እንዲሁ ቢለቀቅ ኃይሉ በጥቂት ሴኮንድ ባክኖ በቀረ ነበር። ስለዚህ መልሕቅ የሚመስል ትንሽ ብረት መንኮራኩሩን በየጥርሱ እየያዘ ይለቀዋል፤ የመያዝና የመልቀቁን ልክ የሚወስነው ደግሞ ወዲያና ወዲህ የሚወዛወዘው ቀለበት ነው። ይህን ቀለበት የሚመልሰው እንደ ፀጉር የቀጠነ ጥምዝምዝ ብረት ነው፤ ሆላንዳዊው ሊቅ ክርስቲያን ሁይገንስ በዚህ ብረት የሚሠራ ሰዓት ያስተዋወቀው እ.ኤ.አ. በ1675 ነበር።

የመምህሩ ሰዓት በዘመኑ እንደ ነበሩት እንደ ብዙዎቹ የእጅ ሰዓቶች በሴኮንድ 5 ጊዜ፣ በሰዓት 18,000 ጊዜ፣ በቀን 432,000 ጊዜ ይመታል። ይህ ሁሉ ምት የሚወጣው ጠዋት ጠዋት ከሚደረገው ከሃያ ሰባት ዙር ሥራ ነው። አንድ ጊዜ በሙሉ የተሞላ ሰዓት 40 ሰዓት ያህል ይሄዳል፤ ከዚያ በኋላ ይቆማል። ሲቆም አይጮኽም፤ ፊቱም አይለወጥም። የቆመን ሰዓት አንድ ጊዜ ብቻ አይቶ ለሚያልፍ ሰው የሚሠራ ይመስላል። የዚህ ታሪክ ችግር የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው።

መምህሩ ሰዓቱን የሚሞሉት ሁለቱ ቆጣሪዎች 12 ላይ ሲደራረቡ ነው። ሰዓቱን የሠራው ፋብሪካ ይህን ቦታ ለእኩለ ቀንና ለእኩለ ሌሊት አስቦት ነበር፤ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ግን ቀንና ሌሊት የሚለዋወጡበት በር ነው። ዲላና አካባቢዋ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 6 ዲግሪ ገደማ ላይ ስለሚገኙ በበጋና በክረምት መካከል ያለው የቀን ርዝመት ልዩነት አንድ ሰዓት አይሞላም፤ የፀሐይ መውጫም ዓመቱን ሙሉ ከ12 ሰዓት ብዙ አይርቅም። ቀን የሚያሳይ ሰዓት ያላቸው ሰዎች ደግሞ ተጨማሪ ሥራ አለባቸው። የሰዓቱ መስኮት እስከ 31 ይቆጥራል፤ የኢትዮጵያ ወር ግን 30 ነው። ስለዚህ ባለቤቱ በዓመት 12 ጊዜ 31ን መዝለል፣ በጳጉሜን መጨረሻም አንድ ጊዜ ወደ 1 መመለስ ይኖርበታል። ከሩቅ አገር የመጣው መሣሪያ በአገሩ ሕይወት ውስጥ ቦታ የሚያገኘው በዚህ ዓይነት የእጅ ሥራ ነው።

የመምህሩ አባት ሰዓቱን የገዙት ጌጥ ፈልገው አልነበረም። በ1960ዎቹ ዓ.ም. እሸት ቡናን በውኃ የማዘጋጀት ዘዴ በይርጋ ጨፌና በአካባቢዋ እየተስፋፋ ሲሄድ፣ እርሳቸው ከሬኮ ብዙ በማይርቅ አንድ የማጠቢያ ጣቢያ የገንዳ ተቆጣጣሪ ሆነው ተቀጠሩ። ከዚያ ቀደም በአገሩ ልማድ ቡናው ከነልባሱ ፀሐይ ላይ እየተሰጣ ይደርቅ ነበር፤ መድረሱን የሚናገረውም የፍሬው ኮሽታ ነበር። አዲሱ ዘዴ ግን ሰዓት ይጠይቃል። ቀይ እሸቱ በተለቀመበት ዕለት ጣቢያ መድረስ አለበት፤ በማሽን ይፈለፈላል፤ ከዚያም ዝልግልጉ ልባስ እንዲለቅ ገንዳ ውስጥ ይብላላል። ይህ እንደ አየሩ ጠባይ ከ36 እስከ 48 ሰዓት ሊወስድ ይችላል፤ ሙቀት ሲበረታ ደግሞ ያጥራል። ቀድሞ ከታጠበ ልባሱ ሙሉ በሙሉ አይለቅም፤ ከዘገየ ቡናው ይኮመጥጣል። የኮመጠጠውን ቡና በኋላ ፀሐይም ሆነ ቆሊ አያስተካክለውም።

ይሁንና ሰዓት ብቻውን ዳኛ አልነበረም። ጊዜው ሲቃረብ ተቆጣጣሪው እጁን ገንዳው ውስጥ ይከትና ጥቂት ፍሬ በመዳፉ ያሻል። ፍሬው ካሟለጨ አልደረሰም፤ እንደ ወንዝ ጠጠር ከሻከረና እርስ በርሱ ከተንኳኳ ደርሷል። እጁን መቼ እንደሚከት የሚነግረው ሰዓቱ ነው፤ ቡናው መድረሱን የሚነግረው ደግሞ እጁ ነው። አባት ሁለቱንም ያውቁ ነበር። አንድ ሙሌት ሰዓቱን የሚያስኬደው ጊዜና አንድ ገንዳ ቡና ለመብላላት የሚፈጀው ጊዜ ተቀራራቢ መሆኑን ግን ያን ጊዜ ልብ አላሉትም።

ጊዜው የለቀማው ወራት አጋማሽ ነበር። ገንዳው ከቀኑ 9 ሰዓት ላይ ተሞላ። ሙቀቱ በርትቶ ስለ ነበር ከ36 ሰዓት በላይ እንዳያድር ተወሰነ፤ ስለዚህ በማግስቱ ሌሊት 9 ሰዓት ላይ መፈተሽ ነበረበት። አባት ገንዳው በተሞላበት ዕለት ጎሕ ሲቀድ ሰዓታቸውን እንደ ወትሮው ሞልተው ነበር። በማግስቱ ማለዳ ግን ትንሿ ልጃቸው በትኩሳት መያዟን የሚናገር መልእክተኛ መጣባቸው። ወደ ቤት ሮጡ። ውኃ ሲያነክሩ፣ መድኃኒት ሲፈልጉ፣ ልጅቱን ሲያቅፉ ዋሉ፤ ሰዓቱን መሙላት ከሐሳባቸው ወጣ።

ሌሊት ዝናብ ጣለ። በፋኖሱ ብርሃን ሰዓቱን ቢያዩት ከሌሊቱ 5 ሰዓት ከ40 ይላል። ገና ሦስት ሰዓት ከሩብ ያህል እንዳላቸው ቆጥረው ልጅቱ አጠገብ ጋደም አሉ። ሰዓቱ ግን ያን ጊዜ ቆሞ ነበር፤ ትክክለኛው ጊዜ ከዚያ አልፎ ሄዷል። የሁለት ቀን ድካም ተጭኗቸው ሲነቁ ደመናው ተገፍፎ ፀሐይ በግድግዳው ቀዳዳ ገብታለች። ሰዓቱን አዩት፤ 5 ሰዓት ከ40 ነው። ወደ ጆሮአቸው አስጠጉት፤ ድምፅ የለም።

ጣቢያው ሲደርሱ ጠዋት 3 ሰዓት አልፎ ነበር። እጃቸውን ገንዳው ውስጥ ከመክተታቸው በፊት ሽታው ነገራቸው። ብዙ ገበሬዎች ከየማሳቸው በጀርባቸውና በአህያ ያመጡት እሸት ነበር፤ ሁሉም በአንድ ገንዳ ውስጥ ተበላሸ። ልጅቱ ግን በዚያው ሳምንት አገገመች።

ኃላፊዎቹ ተሰብስበው ምክንያቱን ሲጠይቁ አንድ የሥራ ባልደረባቸው በጎን ጠጋ ብሎ፣ «ሰዓቱ ከልክ በላይ ተሞልቶ ተሰበረ በል፤ ማን ከፍቶ ያየዋል?» አላቸው። ሌላው ደግሞ ሙቀቱን ምክንያት እንዲያደርጉ መከራቸው። ሁለቱም የማያሳፍሩ ምክንያቶች ነበሩ። አባት ተነሥተው፣ «ሰዓቱ አልተሰበረም። አልሞላሁትም፤ ቆመ። ጥፋቱ የእኔ ነው» አሉና ተቀመጡ። ስለ ልጃቸው ሕመም አላነሡም። ከደመወዛቸው እየተቆረጠ እንዲከፍሉ ተወሰነባቸው፤ ከሥራው ግን አልተባረሩም። የዚያን ጊዜው ወጣት፣ የዛሬው መምህር፣ በበሩ አጠገብ ቆሞ ይህን ይሰማ ነበር። አባቱ ለምን ቀላሉን መንገድ እንዳልመረጡ አልገባውም፤ እንዲያውም ተቆጥቶ ነበር።

ከወራት በኋላ አባትና ልጅ ዲላ ወርደው ሰዓቱን አንድ ሰዓት አዳሽ ዘንድ ወሰዱት። ባለሙያው በመንገድ ዳር ከመስተዋት ሳጥኑ ኋላ ተቀምጦ፣ አጉሊ መነጽሩን ዓይኑ ላይ ሰክቶ፣ የጀርባ ክዳኑን ከፈተ። በወረንጦ አንዱን ክፍል ከሌላው እየለየ ተመለከተ፤ በቤንዚን አጠበ፤ በየምሰሶው ጫፍ ጠብታ ዘይት አኖረ። «አባቴ፣ ይህ ሰዓት ምንም አልሆነም» አለ። ወጣቱ ስለ ከልክ በላይ መሙላት ሲጠይቀው ሳቀ። ሰው እጁ ጠበቅ ሲልበት ካቆመና ካላስገደደው ሰዓት በመሙላት ብዛት አይቆምም። ብዙዎች ሞልተው የቆመባቸውን ሰዓት «ከልክ በላይ ሞላነው» ይላሉ፤ ሲከፈት ግን ብዙውን ጊዜ የሚገኘው የደረቀ ዘይትና የተጠራቀመ ቆሻሻ፣ አለዚያም ያረጀ ሞላ ነው። ጥፋቱ ለሚሞላው እጅ ይሰጣል፤ ምክንያቱ ግን ዓመታት የቆየ ቸልታ ነው። ወጣቱ ወደ ሬኮ ሲመለስ በመንገዱ ሁሉ ዝም ብሎ ነበር። አባቱ ያልተናገሩት ሰበብ፣ ቢናገሩት ኖሮ፣ እውነት እንኳ አልነበረም።

በሐምሌ 1971 ዓ.ም. ብሔራዊ የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ሲጀመር ወጣቱ ለማስተማር ዘመተ። ዘመቻው ከጊዜ በኋላ በ15 የአገሪቱ ቋንቋዎች ሲካሄድ ጌዴኦኛም ከእነዚህ አንዱ ነበር። አባት በመነሻው ዕለት ሰዓቱን ከክንዳቸው ፈትተው ሰጡት። ምክራቸው ረጅም አልነበረም፦ «ጠዋት ሙላው። ከረሳኸው ረሳሁ በል። ቆጣሪውን ብቻ አዙረህ አትምጣ።»

ይህች የመጨረሻዋ ቃል መምህሩን ዕድሜ ልካቸውን ተከትላቸዋለች። የቆመን ሰዓት ቆጣሪ ማዞር እጅግ ቀላል ነው። መሙያውን ሳብ አድርጎ፣ የጎረቤትን ሰዓት አይቶ፣ ቆጣሪዎቹን ማስተካከል ይበቃል፤ ለዚያች ደቂቃ ሰዓቱ ፍጹም ትክክል ይሆናል። ሞላው ግን ባዶ ነው። መምህሩ በአስተማሪነት ዘመናቸው በዚህ ዓይነት የተስተካከሉ ብዙ ወረቀቶች አይተዋል። ያልተማሩ ሰዎች እንደ ተማሩ ተደርገው የተጻፉባቸው መዝገቦች፣ ያልተነበቡ መጻሕፍት እንደ ተነበቡ የተቆጠሩባቸው ሪፖርቶች፣ ያልበሰሉ ሥራዎች ለበዓል ሲባል መድረክ ላይ የወጡባቸው ቀናት ነበሩ። ቆጣሪው ሁሉ በሚፈለገው ቁጥር ላይ ነበር። በእንዲህ ያለ ጊዜ መምህሩ ብዙ አይከራከሩም ነበር፤ የራሳቸውን ክፍል ውጤት ግን እንዳለ ይጽፉ ነበር። ሃምሳ ተምረው ሃያ ሁለት ማንበብ ከቻሉ ሃያ ሁለት ብለው ይጽፋሉ፤ ለቀሩት ሃያ ስምንት ከሰዓት በኋላ ተጨማሪ ክፍል ይከፍታሉ። በዚህ የተነሣ ዕድገት የዘገየባቸው ጊዜ ነበር።

በትምህርት ቤቱ ደወሉ ከዛፍ ላይ የተሰቀለ የመኪና ቸርኬ ነበር። ዘበኛው በብረት የሚመታው የመምህሩን ሰዓት ጠይቆ ነው። ስለዚህ ሰዓቱን መንከባከብ የግል ጉዳይ መሆኑ ቀርቶ የብዙ ሕፃናት ጉዳይ ሆነ። መምህሩ የእንክብካቤውን ሕግ ቀስ በቀስ ተማሩ። ሰዓት የሚሞላው ከክንድ ላይ ተፈትቶ ነው፤ ክንድ ላይ እንዳለ ከተሞላ መሙያው የተሰካበት ቀጭን ዘንግ ወደ ጎን ይገፋና ውሎ አድሮ ይጎዳል። በየቀኑ በአንድ ሰዓት መሙላት ይበጃል፤ ሞላው ሊያልቅ ሲቃረብ ግፊቱ ስለሚደክም የሰዓቱ አካሄድ ይዛባልና። በጌዴኦ የዝናብ ወራት እርጥበት ጠላት ነው፤ ከመስተዋቱ ሥር ጉም ከታየ ሳይውል ሳያድር መከፈት አለበት፤ አለዚያ ዝገት ይጀምራል። በየሦስትና በየአምስት ዓመቱም መታጠብና ዘይት ማግኘት ይኖርበታል።

አንድ ጊዜ ሰዓቱ በቀን ብዙ ደቂቃ እየቀደመ አስቸገራቸው። ከብዙ ፍለጋ በኋላ ምክንያቱ ተገኘ፤ ማታ ማታ ሰዓቱን የሚያኖሩት በራዲዮናቸው ላይ ነበር። በድምፅ ማጉያው ውስጥ ያለው ማግኔት ያን ቀጭን ጥምዝምዝ ብረት ስቦ ዙሮቹን እርስ በርስ አጣብቋቸዋል፤ ብረቱ ሲያጥር ምቱ ይፈጥናል። ዜና ሊያዳምጡበትና ሰዓት ሊያስተካክሉበት የያዙት ራዲዮ ሰዓቱን ሲያዛባው መክረሙ እስከ ዛሬ ያስቃቸዋል። ከዚያ ወዲህ ነው ትንሿ ጠረጴዛ የተገዛችው።

ዓለም ግን ከእንዲህ ዓይነቱ ሰዓት ርቃ ሄዳለች። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 1969 የጃፓኑ ሴይኮ ኩባንያ «አስትሮን» የተባለውን የመጀመሪያውን የኳርትዝ የእጅ ሰዓት ለገበያ አቀረበ። ዛሬ በተለመደው የኳርትዝ ሰዓት ውስጥ ያለችው ክሪስታል በሴኮንድ 32,768 ጊዜ ትርገበገባለች፤ ባትሪ እስካላት ድረስም የማንንም እጅ አትጠብቅም። የእጅ ስልክ ደግሞ ሰዓቱን ከሩቅ ተቀብሎ ራሱ ያስተካክላል። የመምህሩ ሰዓት በቀን 10 ሴኮንድ ቢያዛባ በ86,400 ሴኮንድ ውስጥ ያለ ስሕተት ነውና ለአሮጌ ብረት የሚያስመሰግን ነው፤ ከስልክ ጋር ግን አይወዳደርም። መምህሩም ይህን አይክዱም፤ የሐኪም ቀጠሮአቸውን የሚያዩት በስልክ ነው።

የሬኮ ሰው እንዲህ ዓይነቱ ዕለታዊ ጥበቃ እንግዳው አይደለም። የጌዴኦ ባህላዊ መልክዓ ምድር በመስከረም 2016 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ሲሰፍር፣ የተመዘገበው አንድ ጊዜ ተሠርቶ ያለቀ ሕንፃ ብቻ አልነበረም። የጥንት ትክል ድንጋዮቹ አሉ፤ ከእነርሱ ጋር ግን እንሰቱ፣ ቡናውና ጥላ የሚሆነው ዛፍ አብረው የሚኖሩበት ማሳ አለ። ድንጋዩ ሰው ባይጎበኘውም ለብዙ ጊዜ ቆሞ ሊቆይ ይችላል። እንሰት ግን የሚተካው ሰው ካላገኘ ያልቃል።

ባለፉት ዓመታት የመምህሩ ጣቶች መንቀጥቀጥ ጀመሩ። ትንሿን መሙያ መያዝ ከበዳቸው፤ ሃያ ሰባቱን ዙር ለመጨረስ ሁለት ሦስት ጊዜ ያርፋሉ። ዲላ የምትማረው የልጅ ልጃቸው ይህን አይታ፣ «አባባ፣ ለምን በመስተዋት ሳጥን አናስቀምጠውም? የአያትዎ... ማለቴ የአባትዎ ማስታወሻ ይሆናል» አለቻቸው። አሰቡበት። በመጨረሻም ሰዓቱን ፈትተው፣ አሞላሉን አሳይተው፣ «ለአንድ ወር አንቺ ዘንድ ይቆይ» ብለው ሰጧት። የገንዳውን ታሪክ አልነገሯትም።

ወሩ ሲያልቅ ተመለሰች። ሰዓቱ እየሄደ ነበር፤ ከስልኳ ጋር ቢያስተያዩት ልዩነቱ ግማሽ ደቂቃ እንኳ አልሞላም። መምህሩ ወደ ጆሮአቸው አስጠግተው ሲያዳምጡ ልጅቱ ፊቷን አቀርቅራ ቆየችና፣ «አባባ፣ ባለፈው ረቡዕ ፈተና ነበረብኝ። ሳልሞላው ቀረሁና ቆመ። በስልኬ አይቼ ነው ያስተካከልኩት» አለች። መምህሩ ለረጅም ጊዜ ምንም አልተናገሩም። ከዚያ እጇን ያዙና ሰዓቱን መልሰው ክንዷ ላይ አሰሩላት፤ ጣታቸው ስለሚንቀጠቀጥ ማሰሪያውን ለመቆለፍ ጊዜ ፈጀባቸው። ያን ዕለት ማታ፣ እሳት ዳር ተቀምጠው፣ ከሌሊቱ 5 ሰዓት ከ40 ላይ ስለ ቆመው ሰዓት ለመጀመሪያ ጊዜ ነገሯት።

በማግስቱ ጎሕ ሲቀድ መምህሩ እንደ ልማዳቸው እጃቸውን ወደ ጠረጴዛዋ ዘረጉ፤ ባዶ ነበረች። ከወዲያኛው ክፍል፣ ከስስ ግድግዳው ማዶ፣ የመሙያው ጥርስ ሲንቀጫቀጭ ይሰማል። ተመልሰው ጋደም አሉና በከንፈራቸው መቁጠር ጀመሩ። ሃያ ስድስት፤ ሃያ ሰባት። ድምፁ ቆመ።